ስለ ወንድሜ መድኃኒት ልጠይቅሽ

ውድ ጓደኛዬ፣

ይህን ያህል ዝም ብዬ መቆየቴ ልክ አይደለም፤ ይቅር በይኝ። ምክንያቱን ስንገናኝ እነግርሻለሁ። አሁን ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ለስኪዞፍሬኒያ፣ ለዚያ የሌለ ድምፅ ለሚያሰማው የአእምሮ ሕመሙ፣ የሚወስደው መድኃኒት መጠኑ እንዲቀነስለት ይፈልጋል። እንደ ሐኪምም እንደ ቤተሰብም ሆኖ ሊያስብልኝ የሚችል ሰው ደግሞ ከአንቺ በቀር የለኝም።

ሕመሙ ያገረሸበትን ያቺን ሌሊት አብረሽን ስላሳለፍሽ ታሪኩን አልደግምልሽም። ያን ጊዜ መድኃኒቱን ያቆመው ለማንም ሳይነግር፣ በአንድ ቀን ነበር። አሁን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ወረቀት ላይ የጻፋቸውን ነጥቦች እያየ፣ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ድምፆቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ክብደቱ ጨምሯል፣ ጠዋት ለመንቃት ይቸገራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጽሐፍ ማንበብ አቅቶታል፤ አንዱን ገጽ ሲጨርስ ያለፈው ይጠፋበታል። «ድነሃል ትሉኛላችሁ፤ እኔ ግን ራሴን ገና አላገኘሁትም» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጥናት አነባለሁ። ስንማር «አማካይ የሚባል በሽተኛ አይቼ አላውቅም» እያልሽ መምህራኑን ታስጨንቂያቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ለክርክር ብቻ የምትከራከሪ ይመስለኝ ነበር፤ እውነትሽን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውና 65 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው ትንታኔ፣ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች መካከል መድኃኒቱን ከቀጠሉት በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 27 በመቶ፣ መድኃኒትነት በሌለው ክኒን ከተተካላቸው ግን 64 በመቶ መሆናቸውን ያሳያል። ይህን ባነበብኩበት ማታ ወንድሜን እምቢ ልለው ወስኜ ነበር። ሲነጋ ግን ከቀሪዎቹ 36 በመቶ አንዱ እርሱ ሊሆን እንደሚችል፣ አስቀድሞ ለይቶ የሚነግረን ምርመራ ደግሞ እንደሌለ አሰብኩና ውሳኔዬ ላላ።

በኔዘርላንድስ የተደረገውን ታውቂው ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ታመው የተሻላቸው ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ መድኃኒቱን ሲቀጥሉ ግማሾቹ ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ ወይም እንዲያቆሙ ተደረገ። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል የቀነሱት ሰዎች ሕመም በእጥፍ ያህል አገረሸ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ከሕመሙ ምልክት ነጻ ሆነው ኑሯቸውንም መልሰው የያዙት ከቀነሱት ወገን 40 በመቶ፣ ከቀጠሉት 18 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ታሟል፣ የእነርሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ለእርሱ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የእንግሊዞቹ ጥናት ነው፤ ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ከአንድ ጊዜ በላይ የታመሙ ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የቀነሱት በማኅበራዊ ኑሯቸው ከቀጠሉት የተሻሉ ሆነው አልተገኙም፤ ከባድ ማገርሸት የደረሰባቸው ደግሞ 25 በመቶ ሲሆኑ፣ ከቀጠሉት 13 በመቶ ነበሩ። እርግጥ 75 በመቶዎቹ ያ አልደረሰባቸውም። ይኸው፣ በሁለቱም በኩል ቁጥር አለኝ፤ ውሳኔ ግን የለኝም።

አንድ ነገር በደንብ የገባኝ ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ የሚይዛቸው የዶፓሚን፣ ማለትም የዚያ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል፣ ተቀባዮች ብዛት ከመጠኑ ጋር እኩል አይሄድም፤ መጠኑ ከፍ ባለበት ደረጃ ላይ ግማሹ ቢቀነስ ለውጡ ትንሽ ነው፣ ወደ ታች ሲወረድ ግን ጥቂት ሚሊግራም እንኳ ብዙ ተቀባዮችን በአንዴ ይለቃል። እንግዲያው የመጨረሻዎቹ ቅነሳዎች እያነሱ፣ በመካከላቸው ያለው ጊዜም እየረዘመ መሄድ አለበት ማለት ነው። ይህን ደግሞ ወንድሜ ብቻውን ክኒን እየሰበረ ሊያደርገው አይችልም፤ እኔም ልቆጣጠርለት አልችልም።

ልንገርሽ ወይስ ልተወው እያልኩ ያመነታሁበት ነገር አለ። እፈራለሁ። ሌሊት በሩ ሲንኳኳ፣ ብቻውን ሲስቅ፣ ስልኩን ሳያነሳ ሲቀር ልቤ ይመታል። አንዳንድ ጊዜ ተኝቶ ማደሩ ከማንበቡ ይልቅ የሚያስደስተኝ ይመስለኛል፤ ይህንም ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም።

ነገሩን ሳሰላስለው የሚያናድደኝ ጥያቄው ቀንስ ወይም አትቀንስ ከሚለው በፊት ማን ይከታተለዋል የሚል መሆኑ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመሙ ሰዎች ለሁለት ዓመት ቡድን ተመድቦ፣ ቤተሰቡን ጨምሮ በቅርብ ሲታገዙ ግልጽ ለውጥ ታየ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ግን አብዛኛው ጥቅም ጠፍቶ ነበር፤ ድጋፉ ቆሟልና። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም፣ የጀመራቸው ሰዎች፣ ቢያንስ ግማሾቹ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕክምና እንዲያገኙ ደንብ አወጣች፤ መልካም ነው። ዓመታት ላለፉትና መጠኑን በጥንቃቄ መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ግን እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ ያወጣ አገር አላገኘሁም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2015 ያለ መድኃኒት መታከም የሚፈልጉ ሰዎች አማራጭ እንዲኖራቸው አዝዛ ብዙ ክርክር አስነሥታለች፤ በክርክሩ ከየትኛውም ወገን ብትሆኚ፣ ቢያንስ ጥያቄውን ሰምታ ቦታ አዘጋጅታለታለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መንግሥታት ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት በአማካይ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ አብዛኛው ወደ አእምሮ ሆስፒታሎች ይሄዳል። ለአልጋ ገንዘብ አለ፤ በየሁለት ሳምንቱ ደውሎ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ለሚል ነርስ የለም። ወንድሜን ከማገርሸት የሚጠብቀው ግን ያ ስልክ ነው፤ እርሱ የሚታመመው እንቅልፉ ከቀነሰ በኋላ መሆኑን አንቺም ታስታውሻለሽ።

ሐኪሙ ሰው ሞልቶበት ደቂቃዎች ብቻ ነው ያሉት፤ አልፈርድበትም። ቀጠሯችን ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት ወንድሜን ብታናግሪውና በየስንት ወሩ፣ በምን ያህል እንደሚቀነስ፣ የትኛው ምልክት ሲታይ ወደ ቀድሞው መጠን እንደምንመለስ አብራችሁ ብትጽፉ ለሐኪሙ ይዘን እንቀርባለን። መቀነስ የለበትም የምትዪ ከሆነም ለእርሱ ራሱ ንገሪው፤ ከእኔ ሲሰማው ፍርሃቴን ነው የሚሰማው። ስልኩ ያው የድሮው ነው። ጠዋት አያነሳም፤ ከቀትር በኋላ ደውዪለት።

የምወድሽ ጓደኛሽ