ሚሚ፣ አትቸኩዪ

ለውድ ልጄ ሚሚ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ግፊት ወርዷል። ሐይቁ ክረምቱን ጠጥቶ ጢም ብሏል።

ወንድምሽ አንቺ ጋ ደርሶ ሲመለስ ያልጠየቅኩትን ነገረኝ። አራተኛ ፎቅ እስክትደርሺ ሁለት ጊዜ ቆምሽ አለ። የሩጫ ጫማሽ አልጋ ሥር አቧራ ለብሷል አለ። "ለምን አትጀምሪም?" ሲልሽ "ሙዱ ሲመጣ" አልሽው። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

የትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ካደረግሽ ዘጠኝ ወር ሞላ። ሐኪሙ ድነሻል፣ ስፖርት መሥራት ትችያለሽ ካለሽም ሰነበተ። ስለዚህ ጀምሪ። ግን አትቸኩዪ። ወረቀት ያስነሳኝ ይቺ ቃል ናት። በስልክ ብነግርሽ "እሺ አባዬ" ብለሽ ታልፊያታለሽ።

የእግሬን ነገር ታውቂያለሽ። የምታውቂው ግን ግማሹን ነው። በ1979 ዓ.ም. ወባ ይዞኝ ሦስት ወር ከሜዳ ራቅኩ። በግራ ተመላላሽ ነበር የምጫወተው። ድኜ ስመለስ አሰልጣኛችን "ሁለት ሳምንት ሶምሶማ ሩጥ፣ ከዚያ ትገባለህ" አለኝ። እምቢ አልኩ። ልምምድ ላይ ትንፋሼ ጥሩ ነበር፤ እሱ ነው ያታለለኝ። ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል። ጅማት ይዘገያል። ይህን ያኔ ማን ያስረዳኝ!

በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ረጅም ኳስ ተሻገረ። ተስፈንጥሬ ስነሳ ተረከዜን ሰው ከኋላ የመታኝ መሰለኝ። "ማነው?" ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም። የቅርቡ ተጫዋች አሥር እርምጃ ይርቃል። የተበጠሰው የራሴ ጅማት ነበር። ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ፤ አሸኝ፣ በጨርቅ ጠመጠመኝ። ኳስ በዚያው ቀረ።

ይህስ ባልከፋ። አንቺ 12 ዓመት ሲሆንሽ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰማያዊ ቱታሽን ለብሰሽ በሩ ላይ ቆምሽ። "አባዬ፣ ታቦር አብረን እንውጣ" አልሽኝ። "እግሬን" አልኩሽ። ያን ቀን እግሬን አላመመኝም ነበር፣ ልጄ። ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ሲቆራረጥ እንዳታዪኝ ፈርቼ ነው። የቱታሽን ዚፕ እስከ አንገትሽ ዘግተሽ ብቻሽን ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። እኔም "እግሬን" እያልኩ ዕድሜዬን ግማሽ ተቀመጥኩ። ለዚህ ነው "ሙዱ ሲመጣ" ሲሉኝ ያመመኝ። ድምፁን አውቀዋለሁ።

ሙድ አይጠበቅም፣ ሚሚ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየማለዳው እወጣለሁ፤ በየማለዳውም አልጋው ነው የሚጥመኝ። ጫማዬን አስሬ "እስከ ፍቅር ሐይቅ ብቻ" እላለሁ። ከዚያ ብመለስም ለራሴ ፈቅጃለሁ። እዚያ ስደርስ አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እግሬም ሞቆ ይቆየኛል። ሳላውቀው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ እደርሳለሁ። አንቺም እስከ አስፋልቱ ብቻ ብለሽ ውጪ። ካልጣመሽ ተመለሺ፤ ማንም አይቆጣሽም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫ የለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ መራመድ ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። እየተራመድሽ "አባታችን ሆይ"ን ሳይቆራረጥብሽ ከደገምሽ ፍጥነትሽ ልክ ነው። ከተቆራረጠብሽ ቀንሺ። ኦፕሬሽኑ የነበረበት ቦታ ከወጋሽ ያኔውኑ አቁሚና ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ጨለማ ሳለ አትውጪ፤ የሰፈራችሁ ውሻ አይታመንም። የጫማሽን ሶል አገላብጠሽ እዪው፤ ካለቀ ንገሪኝና እልክልሻለሁ።

ደረጃው ላይ መቆምሽም አያስደንግጥሽ። ክረምቱን እኛ ጋ ነበርሽ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ሰውነትሽ ያንን አየር እንደገና እስኪለምድ ጊዜ ስጪው።

ጓደኞችሽ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ተመዝግበዋል አሉ። 10 ኪሎ ሜትር ነው! ዘንድሮ ቆመሽ አጨብጭቢላቸው፤ ወይ ቲሸርቱን ለብሰሽ እስከቻልሽው ተራመጂ። የአምናዋን ሚሚ ልድረስባት ብለሽ እንዳትሞክሪ። አትቸኩዪ ብያለሁ!

ደራርቱን አስቢ። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ አንቺ አልተወለድሽም። 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ነበር የገባችው። ከዚያ ተጎዳች፣ ወለደች። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ ስትወስድ 30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገባች። ከወለደች በኋላ ፈጠነች ማለት ነው። ሰው ሁለቱን ወርቆች ያወራል። እኔ የማስበው መሃል ላይ ያሉትን ስምንት ዓመታት ነው። ማንም ሳያያት ስንት ማለዳ ተነስታለች?

እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታለች። እሁድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይላካል፤ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። በሶውን ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ትንሽ በጥብጠሽ ጠጪ። ባዶ ሆድሽን አትውጪ።

ለገና ስትመጪ ታቦርን አብረን እንወጣለን። ትንፋሼ ከተቆራረጠ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂኛለሽ።

ረቡዕ ማታ ደውይልኝ። ስንት ደቂቃ እንደሄድሽ አልጠይቅሽም። "ወጣሁ" በይኝ፣ ይበቃኛል።

አባትሽ
ሐዋሳ