ደረጃ የሌለው ቤት

ይድረስ ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዓይንዎ ፋሻ ተፈታ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉ። እንደ ግፊቱ መድኃኒት "ተሻለኝ" ብለው እንዳያቆሙት። ዓይንዎ እስኪጠራ ድረስ ይህን የሚያነብልዎት ማሙሽ ይሆናል። ማሙሽ፣ ሳትዘል አንብብ።

ልጆቹ አድገዋል። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ ጫማ አይበረክትለትም። ትንሿ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ነው የምትሰጠኝ። ክፍሏ ውስጥ ሜክሲኳዊው፣ ኔፓላዊው፣ ሶማሌው ሁሉ አለ። እዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ ቢቆጠር ከ160 ይበልጣል። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት፣ ወደ እርስዎ ሄዳለች። ዋና ጀምራለች። ጥርሷም...

ወሬ አበዛሁ። ቤት ገዛሁ አባባ።

እዚሁ አውሮራ ነው። በስልክ ያልነገርኩዎት ጥያቄዎን ስለማውቀው ነው፤ "ታዲያ መቼ ልትመለሺ ነው?" ሊሉኝ ነው። የፈረምኩት የ30 ዓመት ዕዳ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነዎት፣ ስንት ዓመት ሲሞላኝ እንደሚያልቅ እርስዎ ያስሉት።

በ2024 የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን የከተማዋ ስም በክፉ ሲነሳ ደንግጠው ደውለውልኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ የሚለውን ይተዉት። ሰው በሰላም ወጥቶ በሰላም ይገባል። ብዙ ሰው የዴንቨር ሰፈር ትመስለዋለች እንጂ ራሷን የቻለች ከተማ ናት፤ በኮሎራዶ በሕዝብ ብዛት 3ኛ። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ሌላ አገር የተወለደ ነው። ሃቫና በሚባለው መንገድ ላይ የኮሪያው፣ የቬትናሙ፣ የሐበሻው ምግብ ቤት ተደርድሯል። እንጀራ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም።

ቤት ፍለጋው ግን አሳር ነው። እዚህ አፈሩ ልክ እንደኛ መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ የቤት መሠረት ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት መሠረቱን የሚያይ ባለሙያ ይቀጠራል። ራዶን የሚባል ከመሬት የሚወጣ ጋዝ አለ፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሳንባ ግን ይጎዳል። እሱም ይለካል። በረዶ እየወረደ ጣሪያ ስለሚሰባብር ኢንሹራንሱ አይቀመስም። ዳር ላይ የተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች ያምራሉ፤ ግን መንገዱና የውሃ መስመሩ የተሠራበትን ዕዳ ከቤት ግብሩ ጋር ደርበው ለዓመታት ያስከፍላሉ። እነሱን ተውኳቸው።

ለቅድመ ክፍያው የሞላሁት በእቁብ ነው። ባንኩ ደግሞ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት እንደመጣ በጽሑፍ ካላስረዳሽ አለ። እቁብን ለፈረንጅ ማስረዳት! ሰብሳቢዋ ሳትቀር ፈርማልኝ ነው ያለፍኩት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ገንዘብ ከየት መጣ ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቅ ለካ ነውር አይደለም።

እንግዲያው ልጠይቅዎት። የ40/60 ቤት ቁጠባው ብርስ?

በእኛ አቆጣጠር በ2005 ሲመዘገቡ "ለእኔ እንዳይመስልሽ፣ ላንቺ መመለሻ ነው" ብለውኛል። ያን ብር ሌሊት ኤርፖርት ሰው በዊልቸር እየገፋሁ ነው የላክሁት። ከዚያ ሚኒባሱ ተገዛ። ማሙሽ፣ እዚህ ላይ እንዳትዘል። ሥራ መያዝህን አልጠላሁም። የነገረችኝ ግን አክስቴ ናት፣ ያውም በእማዬ ለቅሶ ሰሞን። እርስዎ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላሉም። እኔም ወር ቆጥሬ መላኬን አላቆምኩም፤ ዝም ስል ግን የረሳሁ እንዳይመስልዎት። "መቼ ትመለሻለሽ?" ባሉኝ ቁጥር ወሬ የምቀይረው ለዚህ ነው። የቱ ቤት ልግባ?

ክረምቱን ሙሉ የሰው ልጅ እያስጠኑ እንዳስተማሩኝ አውቃለሁ። እሱንም አልረሳሁም።

የገዛሁት ቤት ደረጃ የለውም። እዚህ ሰፈር በፈረንጅ የ1970ዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ግማሽ ፎቅ ወጣ፣ ግማሽ ፎቅ ወረድ ያሉ ናቸው፤ በዋጋም ይሻሉኝ ነበር። ደላላዋ "ይሄኛውስ ምን ጎደለው?" እያለች ስትነጫነጭ የእርስዎን ጉልበት አላነሳሁባትም። መታጠቢያው አጠገብ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ትልቁ ልጅ ለምኖኛል፣ አልሰጠሁትም።

ዜጋ ስለሆንኩ ለወላጅ ማመልከት እችላለሁ። የዘንድሮ ነገር አይታወቅምና ቃል አልገባም። ዕድርዎንና ጓደኞችዎን ጥለው ይምጡም አልልዎትም። ብቻ ትንፋሽ ያጥረኛል ብለው እንዳይሰጉ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ እዚህ ወደ 1,650 ገደማ ነው። ብርዱ ግን አይጣል ነው።

ፓስፖርትዎ ጊዜው አልፎ እንደሆነ ማሙሽ አይቶ ይንገረኝ። የእርስዎ ስም በትክክል የተጻፈበትን የልደት ሰርተፍኬቴንም ይፈልግ፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ባለው የእማዬ ሻንጣ ውስጥ ነበር። የግፊት መድኃኒቱን ስም በፎቶ ይላክልኝ። ስለ ብሩ ግን በማሙሽ መልስ አይላኩብኝ፣ ራስዎ ይደውሉ። ቅዳሜ ማታ በእናንተ፣ እኛ ጋ ጠዋት ነው። ቤት ነኝ።

ልጅዎ