የሒሳብ ክበብ ዓመት፦ 340 ወይስ 5,660?

ድራማ ክበብ መድረክ አለው፤ ሚኒ ሚዲያም ስፒከር አለው። የእኛ ሥራ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በዳስተር ይጠፋል። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ምን ስንሠራ እንደከረምን እዚሁ ልናገር።

ዓመቱን የያዝነው በሥሌት ቅደም ተከተል ነው፤ ማለትም በአንድ ጥያቄ ውስጥ የቱ ሥሌት እንደሚቀድም። «ይሄማ የታች ክፍል ትምህርት ነው» ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። እሺ። መስከረም ላይ ለዘጠነኛ ክፍል አባሎቻችን 10 − 3 + 2 ሰጠኋቸው። ግማሾቹ 5 አሉ። ቦድማስን፣ ያንን መደመርን ከመቀነስ በፊት የሚጠራውን የቅደም ተከተል ማስታወሻ፣ ሸምድደው መደመር ሁሌም ከመቀነስ የሚቀድም መስሏቸዋል። መደመርና መቀነስ እኩል ናቸው፤ የሚሠሩት ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ መልሱም 9 ነው። ማባዛትና ማካፈልም እርስ በርሳቸው እንደዚያው፤ ከመደመርና ከመቀነስ ግን ይቀድማሉ። ይህን ለማሳመን እስከ ኅዳር ለፋሁ።

የቀረው የተለመደው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ተሰበሰብን፣ ኮሚቴ መረጥን፣ መብራት ጠፋብን።

የካቲት ላይ መርካቶ ወረድን። ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርገን፣ በእግር፤ የታክሲ በጀት የለንማ! የአንዷ አባላችን እናት እዚያ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ድምፅ አሰምታ አታውቅም። አራት ደብተር እያንዳንዱን በ70 ብር፣ ሦስት እስክሪብቶ እያንዳንዱን በ20 ብር አዘዝን። አንዱ ጎበዛችን የሱቁን ካልኩሌተር አንስቶ 4 × 70 + 3 × 20 ብሎ በተርታ ነካካው። 5,660 ብር! በስልኩ ሲሞክረው 340 አለው።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም» አለች ያቺ ዝምተኛ። የሱቅ ማሽን የነገሩትን እዚያው በተርታ ነው የሚሠራው፤ 280 ላይ 3 ደመረና በ20 አባዛው። ከዚያ ተቀብላው 4 × 70፣ ኤም ፕላስ (ውጤቱን ማሽኑ ውስጥ እያስቀመጠ የሚደምረው ቁልፍ)፤ 3 × 20፣ ኤም ፕላስ፤ መጨረሻ ላይ ኤም አር ሲ (የተጠራቀመውን የሚያወጣው)። 340። ቀና ብላ እንኳን አላየችንም።

እናትየው ሳቁ። «ቲቸር፣ እኔ ቅንፍ ምናምን አላውቅም። እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻ አስልቼ ነው የምደምረው።» እኔ ሦስት ወር የደከምኩበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከነከነኝ። ልጅቷ አሁን የሰባተኛ ክፍሎች አስጠኚያችን ናት።

በትምህርት ቤቶች ውድድር በመጀመሪያው ዙር ወደቅን። ሰበብ አላበዛም። ግን 19 ልጆች በሁለት ካልኩሌተር ሲለማመዱ ያየ ሰው ይፍረድ።

ቤታችሁ አቧራ የጠጣ ካልኩሌተር ካለ አምጡልን። ቅደም ተከተሉን የሚጠብቀው ባለቅንፉም፣ በተርታ የሚሠራው የሱቁም ያስፈልገናል፤ ልዩነታቸውን የምናስተምረው ጎን ለጎን አስቀምጠን ነው። ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ከሚኒ ሚዲያ ክፍል አጠገብ አለን።