ያልተነካው ምግብ ለምን በርሜል ይገባል?

ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው እሁድ እዚሁ አዲስ አበባ የዘመድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። እንግዳው ሲበተን ወደ ሆቴሉ ጓዳ ጎራ አልኩ። ማንም ያልነካው አንድ ትሪ ጥቅል እንጀራ ነበር። ልጁ አንስቶ በርሜል ውስጥ ገለበጠው። ከላዩ አጥንት፣ ሶፍት፣ የሎሚ ልጣጭ ተደፋበት። አንጀቴ እርር አለ።

ይኼው ነው በኋላ «ቡሌ» ተብሎ በፌስታል የሚሸጠው። ጾሙና ፍስኩ ስለተደባለቀ የሚጾም ችግረኛ እንኳ መርጦ አይበላም።

በአውሮፓና በአሜሪካ «ፍሪጋን» የሚባሉ ሰዎች ሱቅ የጣለውን ምግብ አንስተው ይበላሉ። ብክነትን በመቃወም፣ ወደው ነው። እኛ ጋ ግን ቡሌ የሚበላው ቸግሮት ነው። ፈረንሳይ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱፐርማርኬቶች ሊበላ የሚችል ምግብ ሆን ብለው እንዳያበላሹ ከልክላለች። ከበጎ አድራጎት ማኅበራት ጋርም ውል እንዲገቡ አስገድዳለች።

እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። ሆቴሎቻችን ያልተነካውን ከትራፊው፣ ጾሙን ከፍስኩ ይለዩልን። ክዳን ያላቸው ሁለት ንጹህ ባልዲዎች ይበቃሉ። ደጋሾችም አዳራሽ ስትከራዩ፣ የተረፈው ምግብ የት እንደሚሄድ አደራ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ