ስፌት የሌለው ልብስ

አሰላሙ ዐለይከ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ባለፈው «አባ፣ ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ መካ ልሄድ ነው፤ ፈቃዱንም በስልኬ፣ ኑሱክ በሚባለው መተግበሪያ አውጥቻለሁ» ስትለኝ ደስታው አፌን ያዘኝና ምንም ሳልልህ ስልኩን ዘጋሁት። ስልክ ላይ ወሬ እንደማይዋጣልኝ ታውቃለህ። ስለዚህ ዛሬ ሱቅ ቁጭ ብዬ፣ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ይህን ጻፍኩልህ። እህትህ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

ከኢሕራሙ፣ ከዑምራው ልብስ ልጀምር። ሌላ ምን አውቃለሁ? በ2009 ዓ.ም. ለዑምራ ስነሳ አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለ ሱቅ ሁለት ነጭ ጨርቅ ገዛሁ። አንዱን ከወገብ በታች ታሸርጠዋለህ፣ አንዱን ትከሻህ ላይ ጣል ታደርገዋለህ። በቃ። ቁልፍ የለው፣ ኪስ የለው፣ ኮሌታ የለው። ቤት ይዤው ገብቼ ጠርዙን ስዳስሰው እጄ ሳላውቀው ወደ መርፌው ሄደ። ልዘመዝመው ነበር! እናትህ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

በነገራችን ላይ «ስፌት አይፈቀድም» ሲባል ሰው ክር ጭራሽ የተከለከለ ይመስለዋል። አይደለም። የተከለከለው በአካል ልክ ተቆርጦ የተሰፋው ነው። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ካልሲ። ቀበቶህ ላይ ስፌት ቢኖር፣ የነጠላ ጫማህ ማሰሪያ ቢሰፋ ችግር የለውም። ራስህን በኮፍያም ሆነ በሻሽ አትሸፍን፤ ጃንጥላ ግን ይቻላል። ሌላም ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ጭን ለጭን ይፋተጋል። እኔ በሁለተኛው ቀን እንደ ዳክዬ ነበር የምሄደው። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ያዝ። ከነየትክ፣ ዑምራዬን ጀመርኩ ብለህ በልብህ ካሰብክ በኋላ ሽቶ ክልክል ስለሆነ ሳሙናህም ሽታ አይኑረው። ጥፍርህንም ቀድመህ ቁረጥ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ቁራጭ ጨርቅ የልብስ ሰፊ ፈተና ነው። ሰው ሦስት ሜትር ያመጣል፣ ሁለት ተኩል ይበቃል፣ ግማሿ ትቀራለች። መመለስ አለብህ። ግን ባለቤቱ አይጠይቅም፣ አንተም አትናገርም። አንተ ልጅ ሆነህ የተኛህበት ያ ዥንጉርጉር ትራስ፣ እናትህ «አልጋ ልብሴ» እያለች የምትወደው ነገር፣ ሁሉም የሰው ቁራጭ ነበር። ዑምራ ልሄድ ስል ሸሁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የሰው ሐቅ አለብህ?» «የለብኝም» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ማታ ቤት ገብቼ ያን አልጋ ልብስ ሳይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ መርካቶን በእግሬ ዞርኩ። የማውቃቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ «አፉ በሉኝ» አልኳቸው። አብዛኛው ሳቀብኝ። አንዱ ሽማግሌ ግን አልሳቀም። «አውቄብህ ነበር እኮ፤ እስክትመጣ እየጠበቅኩህ ነው» አለኝ። ከዚያ ሻይ ጋበዘኝ። ያ ሻይ ከዑምራዬ ሁሉ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ይህን ለምን እንደምነግርህ ገብቶሃል። የአጎትህ ልጅ ስትሄድ ያበደረህ 40 ሺህ ብር አለ። እሱ አላወራም፤ እናቱ ናት ለእናትህ የነገረቻት። አይቸኩልም ይሆናል፣ ግን ደውለህ ጠይቀው። ክፈለው፣ ካልሆነም አስፈቅደው። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ዑምራው ይቆይ። አትከፋ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በ628 እ.ኤ.አ. ለዑምራ ወጥተው ሁደይቢያ ላይ ተመልሰዋል። መካን አጠገቧ ደርሰው፣ ኢሕራም ለብሰው፣ ከመካ ሰዎች ጋር ለቀጣዩ ዓመት ተስማምተው ተመለሱ። ሶሓቦቹ፣ ባልደረቦቻቸው፣ በጣም ከብዷቸው «ተነሱ፣ እርዱ፣ ተላጩ» ሲባሉ የሚነሳ ጠፋ። ያኔ መላ ያመጡት ባለቤታቸው፣ እናታችን ኡሙ ሰለማ ናቸው፤ እኛ ሐበሻ አገር ተሰድደው የኖሩት። «ለማንም ምንም ሳይናገሩ ወጥተው እርድዎን ይረዱ፣ ፀጉርዎን ይላጩ» አሏቸው ለነቢዩ። እሳቸው ሲያደርጉ ሰዉ ሁሉ ተከተለ። በዓመቱ ተመልሰው ዑምራቸውን አደረጉ።

ከፈልክ እንበል፤ እኔ እንደምትከፍል አውቃለሁ። ከሪያድ በአውቶቡስ ስትሄድ ሚቃትህ፣ ኢሕራም የምትገባበት ቦታ፣ ቀርን አል-መናዚል ነው። ዛሬ ሰይል አል-ከቢር ይሉታል፣ ጣኢፍ አካባቢ። አውቶቡሱ ይቆማል። ትታጠባለህ፣ ትለብሳለህ፣ ትነይታለህ። ሌሊት ነውና ተኝተህ እንዳታልፈው። ሳትነይት ያለፈ ወይ ይመለሳል ወይ በግ ያርዳል። እኔ ቤቴ ለብሼ ወጥቼ ኒያዬን ያደረግኩት አውሮፕላን ላይ ነው። ጎኔ የተቀመጠ ልጅ በመስኮት ሲያይ ሲያይ «ለበይክ» የሚለውን ተልቢያ ጀመረና ከት ብሎ አለቀሰ። ምግብ የምታድለዋ ልጅ ግራ ገባት።

መካ ስትደርስ የማረፊያውን ነገር አልነግርህም፤ «ሐረሙ አጠገብ»፣ ታላቁ መስጊድ አጠገብ ብለው የሸጡልኝ ክፍል በታክሲ ነበር የሚደረስበት። አንተ አገሩን ስለምታውቀው አትሸወድም።

ካዕባን ስታይ ዱዓ አድርግ ይሉሃል። እኔ ዱዓው ሁሉ ጠፋኝ። እውነቱን ልንገርህ? መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው። እስቲ አስበው፣ ያ ሁሉ ሰው ስፌቱን አውልቆ በሁለት ጨርቅ ይዞራል፤ መሃል ያለው ቤት ደግሞ ከራሱ እስከ እግሩ ተሰፍቶለታል። ኪስዋ ይባላል። 670 ኪሎ ገደማ ሐር ይገባበታል። 47 ቁራጭ ተገጣጥሞ ነው የሚሠራው፣ እያንዳንዱ 14 ሜትር ይረዝማል። የቁርኣኑን ጽሑፍ ወርቅ በተቀባ የብር ክር ይጠልፉታል። ድሮ ከግብፅ ነበር የሚመጣው፤ ከ1962 እ.ኤ.አ. በኋላ ግን ከዚያ መምጣቱ ቀርቶ እዚያው መካ ይሠራል። አሁን በየዓመቱ ሙሐረም 1 ቀን ይቀየራል። በሐጅ ሰሞን ደግሞ የታችኛውን ጠርዝ ሰብስበው ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል። አንዱ ምክንያት ምን መሰለህ? ሰው በመቀስ እየቆረጠ እንዳይወስድ ነው። ቁራጭ! ይህን ሲነግሩኝ እዚያው ቆሜ ሳቄ መጣ። ከዚያ አፈርኩ።

ጠዋፉ ሰባት ዙር ነው፣ ካዕባን በግራህ አድርገህ። ከሐጀረል አስወድ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ትጀምራለህ፣ እዚያው ትጨርሳለህ። ስንት እንደዞርክ ከተጠራጠርክ ትንሹን ቁጥር ያዝ። ቀኝ ትከሻህን የምትገልጠው ለጠዋፍ ብቻ ነው። ሰዉ ግን ሆቴሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ ሶላቱም ላይ ትከሻውን ገልጦ ይውላል። እኔ የልብስ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል ዓይኔን የሚወጋኝ። ጠዋፉ ሲያልቅ ሸፍነህ ከመቃም ኢብራሂም፣ ከነቢዩ ኢብራሂም መቆሚያ ኋላ ሁለት ረከዓ ስገድ፤ ቦታ ካጣህ የተገኘው ጋ ስገድ።

ድንጋዩን ለመሳም ደግሞ አትጋፋ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሲስሙት «የማትጎዳ የማትጠቅምም ድንጋይ መሆንህን አውቃለሁ፤ ነቢዩ ሲስሙህ ባላይ ኖሮ አልስምህም ነበር» ብለዋል። አሮጊት ገፍትረህ ከምትስመው ከሩቁ እጅህን አንስተህ «አላሁ አክበር» በል። ስልክህንም ኪስህ... ኪስ የለህም ለካ። ቦርሳህ ውስጥ ይቀመጥ።

ሰዕዩ ላይ፣ በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ስመላለስ፣ ጉድ ሠራሁ። ከሶፋ መርዋ አንድ ነው፣ ከመርዋ ሶፋ ሁለት ነው፣ ሰባተኛው መርዋ ላይ ያልቃል። እኔ ደርሶ መልሱን አንድ እያልኩ እቆጥራለሁ። አረንጓዴው መብራት ጋ ስደርስ ወንድ ነኝና ሶምሶማ፣ ከዚያ መራመድ፣ እንደገና ሶምሶማ። ጉልበቴ ከዳኝ። ሶፋ ላይ ቁጭ ስል አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ «ስንተኛህ ነው?» አለኝ። «አራቱን ጨረስኩ፣ ሦስት ይቀረኛል» አልኩት። ትንሽ አሰበና ጣቱን እየቆጠረ አስረዳኝ። ስምንት ሆኖልኛል! «ካለቀልህ ቆየ፣ ሂድ ተላጭ» ብሎ እጄን ይዞ አስነሳኝ።

ግን አልቆጨኝም። ያን ያህል ከደከመኝ በኋላ ነው ሀጀር የገባችኝ። የነቢዩ ኢብራሂም ባለቤት፣ ልጇ በውሃ ጥም ሲንፈራገጥ በእነዚያ ኮረብቶች መሃል በድንጋይ ላይ የሮጠች እናት ናት። እኔ በእብነ በረድ ላይ፣ ከጣራ በታች፣ በየመንገዱ የዘምዘም ውሃ ተደርድሮልኝ ነው ያቃሰትኩት። ያ ዘምዘም ሲፈልቅላት ሀጀር እንዳይፈስባት ዙሪያውን በእጇ ከበበችው ይባላል። እኔ መቼም የራሴን ቋንቋ ነው የምሰማው፦ ዘመዘመችው። እንዳይተረተር ጠርዙን ያዘችው። የቃል ጨዋታ ነው፣ ለሸሁ እንዳትነግርብኝ።

ፀጉርህን ተላጨው። ማሳጠርም ይቻላል፣ ግን ነቢዩ ለተላጩት ሦስቴ፣ ላሳጠሩት አንዴ ነው ዱዓ ያደረጉት። እኔ መላጣ ሆኜ እንኳ ፀጉር ቆራጩ ምላጩን አሳልፎ ሙሉ ሒሳብ ተቀብሎኛል።

አንድ የምልክህ ነገር አለ። ያኔ ያላገኘኋት ደንበኛ አለች። በ1991 ዓ.ም. ለልጇ ሠርግ የምትለብሰው ቀሚስ እንድሰፋላት ሰማያዊ ከፋይ ሰጥታኝ ነበር። ሰፍቼ ጨረስኩ፣ አልመጣችም። ሁለት ዓመት ሰቀልኩት። ከዚያ አንድ ወር የቤት ኪራይ ቸገረኝና ሸጥኩት። ሸሁ «ካላገኘሃት ዋጋውን በእሷ ስም ሰደቃ ስጥ፤ ከመጣች ደግሞ ክፈላት» አሉኝ። ሰጥቻለሁ። አሁንም አንድ አሮጊት በሩ ላይ ስትቆም ቀና ብዬ አያለሁ። ሶፋ ላይ ወደ ካዕባ ዞረህ ስትቆም ዱዓ አድርግላት። ስሟን አልጻፍኩትም። ደብተሬ ላይ ያለው ልኳ ብቻ ነው፤ ደረት 96፣ ወገብ 82፣ ቁመት 130። «ባለ ሰማያዊ ከፋይዋ» ብለህ ለምንላት።

አባትህ