የኬክ ማስተካከያ ሽቦ በአንድ መስመር የሚታለፍ አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በቤት አምዳችሁ ስለ ኬክ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙው ጥሩ ነው። «ጉብ ያለውን በዳቦ ቢላ ማንሳት ይበቃል፣ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም» የሚለው ግን አላሳለፈኝም።

እጃቸው የሰለጠነ ሰዎች በቢላ ቀጥ አድርገው ይቆርጣሉ። እኔ ቤት ውስጥ ስጋግር ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሁንም ቢላው ወደ ግራ ይወርድብኛል። ልጄ 7 ዓመት ሲሞላት ሦስት ኬክ ጋግሬ ሁሉንም በቢላ አስተካከልኩ። ለየብቻ ሳያቸው ምንም አይሉም ነበር። ክሬም ቀብቼ ስደራርባቸው የአንዱ ዝንባሌ በሌላው ላይ ተደመረ። ሻማው ሳይለኮስ የላይኛው ቀስ እያለ ተንሸራተተ። ልጄ በሁለት እጇ ደግፋ ስትይዘው ዛሬም ይታየኛል።

በማግስቱ ባለ ሽቦ ማስተካከያ ገዛሁ፤ ቁመቱን ለመወሰን ጥርስ ባላቸው ሁለት እግሮች መሃል ቀጭን ሽቦ የተወጠረበት፣ የኬኩን ጉብታ የሚቆርጥ ዕቃ ነው። እሱም ላይ ተሳሳትኩ። ስፋቱን ሳልለካ ነበር የገዛሁት። የእኔ መጋገሪያ 28 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሁለቱ እግሮች መሃል ያለው ቦታ ግን 25 ብቻ። ኬኩ አልገባም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ትልቁን መጋገሪያችሁን ለኩ። ሁለተኛ፣ ሽቦውን በጣት ነካ አድርጉት። እንደ ክራር ክር ካልተወጠረ ተዉት። የላላ ሽቦ ኬኩ ውስጥ ሲገባ ከመስመሩ ይወጣል።

አጠቃቀሙም የራሱ ነገር አለው። ኬክ ትኩሱን አይቆረጥም፤ ይፈረፈራል። እኔ ሲበርድ በስስ ፕላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከሁሉም ኬኮች ዝቅ ያለውን ዳር በማስመሪያ እለካና ሽቦውን በሁለቱም በኩል እዚያው ቁመት ላይ አስገባዋለሁ። አንዱ ወገን በአንድ ጥርስ ከበለጠ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የላዩ ቆዳ ደረቅ ስለሆነ ሽቦው እንዳይቸገር በትንሽ ቢላ መግቢያ እከፍትለታለሁ። ከዚያ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያልኩ አሳልፈዋለሁ። መግፋት የለም። እግሮቹም ከጠረጴዛው አይነሱም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ኬኩ ሳህን ላይ፣ የማስተካከያው እግር ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሳህኑ ውፍረት ከኬኩ ይቀነሳል። 4 ሳንቲ ሜትር ላይ አስተካክላችሁ ሳህኑ 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የሚቀራችሁ ኬክ 3 ነው። ሁለቱም አንድ ወለል ላይ ይቀመጡ።

ማስተካከያ መግዛት ለማይፈልግም መንገድ አለ። ዙሪያውን በእኩል ቁመት ስቴኪኒ ሰክቶ ረጅም ባለ ጥርስ ቢላ በላያቸው ማሳለፍ ነው። ጉብታውን ከመነሻው መቀነስም ይቻላል። መሃሉ የሚያብጠው የመጋገሪያው ብረት ዳሩን ቀድሞ ስለሚያበስለው ነው፤ መሃሉ ያኔ ገና ሊጥ ስለሆነ መነሳቱን ይቀጥላል። እርጥብ ጨርቅ መጋገሪያውን ዙሪያውን ሲታሰርበት ዳሩ ይዘገያል፣ ኬኩም ወደ ለጥ ያለው ይጠጋል።

አምደኛዋ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ዕቃው ስትጽፍ ቢያንስ ስፋቱንና የሽቦውን ውጥረት እንድታነሳ እለምናለሁ። ብትችሉ እግሮቹ ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ የሚያሳይ ፎቶም አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ