ሳንቲም ተራ አይጠብቅም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የማርቆስ ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ ጋቢዬን ደርቤ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። «እማዬ፣ ይሄ የይሆናልነት (የፕሮባቢሊቲ) ምዕራፍ ቀላል ነው፤ ቀመሩን ሰጥቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ እጨርሰዋለሁ» አልሽኝ። እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁት። እሺ ማለት አልነበረብኝም። ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ከሁሉ የከፋውን ስህተት የሠራሁት እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው።

ቀመሩማ ቀላል ነው። ነገሩ የተከሰተበትን ብዛት ለጠቅላላው የሙከራ ብዛት ታካፍያለሽ፤ አለቀ። ማካፈል ደግሞ ያውቃሉ። በዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ሪሌቲቭ ፍሪኩዌንሲ» የምትለዋን ሸምድደው ፈተና ላይ ይሠሩታል። ግን አንዷን አስነሥተሽ «ምን ማለት ነው?» ብትያት ዝም ትላለች። መጀመሪያ በአማርኛ «ከስንቱ ስንት ጊዜ?» በያቸው። አንጻራዊ ድግግሞሽ ይኸው ነው። እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በሳንቲም አትጀምሪ።

እኔ በሳንቲም ነበር የምጀምረው። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአሥር ቡድን የቤት ሥራ ሰጠሁ። እያንዳንዱ ቡድን ሳንቲም 50 ጊዜ ወርውሮ አንዱ ገጽ ስንት ጊዜ እንደወጣ እንዲያመጣ ነው። በማግስቱ ስምንቱ ቡድን «25» ብሎ መጣ። እኔም ደስ ብሎኝ «በጣም ጥሩ» እያልኩ ፈረምኩበት። ብዙ ቆይቼ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። ሳንቲም 50 ጊዜ ተወርውሮ ልክ 25 የመምጣቱ ዕድል ከመቶ 11 ገደማ ብቻ ነው። ከአሥር ቡድን ምናልባት አንዱ ቢያመጣው ነበር። ልጆቹ ሳንቲሙን አልወረወሩትም። የምፈልገውን መልስ አውቀው ጻፉልኝ። እነሱን አልወቅስም፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

በቆርኪ ጀምሪ። ቆርኪ ሲወረወር ወይ ይደፋል ወይ ይንጋለላል። ስንት ጊዜ ይንጋለላል? ይህን ማንም አያውቀውም። መጽሐፍም ላይ የለም። አንቺም አታውቂውም፤ ልጆቹም እንደማታውቂ ያያሉ፤ ያን ጊዜ ዓይናቸው ይበራል። ከፊት ወንበር አንዱ «ሁለት ነገር ስለሆነ ግማሽ በግማሽ ነው» ማለቱ አይቀርም። አትመልሺለት። ግምቱን ወረቀት ላይ ያስፍርና ይቀመጥ። ሁሉም ሳይወረውሩ በፊት ይገምቱ።

ከዚያ ሕግ አውጡ። ከምን ያህል ከፍታ ነው የሚወረወረው? ተንከባሎ ዴስክ ሥር የገባ ይቆጠራል? ግድግዳ ተደግፎ የቆመስ? እዚህ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ። ሕጉ ከመወርወሩ በፊት ካልተቆረጠ እያንዳንዱ ቡድን የሚመቸውን እየቆጠረ እንደሚመጣ በዚያ ክርክር ውስጥ ራሳቸው ይደርሱበታል። እኔ ይህን ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ አልተሳካልኝም ነበር፤ አንድ ግድግዳ የተደገፈ ቆርኪ አስረዳልኝ።

ስልሳ ተማሪ ነው ያለሽ። አምስት አምስት ሲሆኑ አሥራ ሁለት ቡድን ነው፤ እያንዳንዱ 50 ጊዜ ቢወረውር 600 ውርወራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ታገኛላችሁ። የቡድኖቹን ውጤት ሰሌዳው ላይ እየደመርሽ ሂጂ። መጀመሪያ ከ50 ስንት፣ ቀጥሎ ከ100 ስንት፣ ከዚያ ከ150። በየደረጃው ያካፍሉና በግራፍ ይሣሉት። መስመሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ግልገል ይፈነጫል፤ እየቆየ ይረጋል። የሚረጋበትን ቁጥር ነው ሙከራዊ ይሆናልነት የምንለው። የእኔን ክፍል ቁጥር አልነግርሽም፤ የእናንተ ቆርኪና የእናንተ ወለል ሌላ ነው። ለአንዱ ቡድን በመክፈቻ የታጠፈ ቆርኪ ስጪና ደግሞ ልዩነቱን ተመልከቱ።

«ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?» ይሉሻል፣ የቡድኖቹ ቁጥር ሲለያይ። ማንም አልተሳሳተም። ይህን ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ሒሳብ ላይ የተለያየ መልስ ሁሉ ስህተት ነው ብለው ነው ያደጉት።

ምን ያደርግልናል የሚልሽ ካለ የአያትሽን ብቅል ንገሪው። አያትሽ ለበዓል ጠላ ስትጠምቅ ገብሱን ሁሉ አትነክርም ነበር። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ታርስና በኮባ ጠቅልላ ታቆየዋለች። ከዚያ ፍሬውን አሥር አሥር እያደረገች የበቀለውን ትቆጥራለች። «ይሄ ከአሥር ስምንቱን ያበቅላል» ትላለች፤ ወይም «ይሄ ለቆሎ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥራው ግን ያው ሙከራዊ ይሆናልነት ነው። የዘር ቤተ ሙከራዎች ዛሬም የሚሠሩት እንደሷ ነው። የዓለም አቀፉ ደንብ የሚለው 400 ፍሬ አብቅላችሁ ቁጠሩ ነው። ለምን 10 ፍሬ እንደማይበቃ ልጆቹን ጠይቂያቸው። ግራፉን ከሣሉ በኋላ ራሳቸው ይመልሱልሻል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ሳንቲም እየወረወርኩ አሳያለሁ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ጎፈር ወጣ። (ዘውዱ ከሳንቲም ላይ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ እኛ ግን ዘውድና ጎፈር ማለቱን አልተውንም።) ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አሁን ተራው የዘውድ ነው አይደል?» አለ። እኔም ሰዓቱ አልቆብኝ ስለነበር «አዎ፣ በመጨረሻ ይካካሳል» ብዬ ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ።

አይካካስም፣ ልጄ። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም። አምስት ጎፈር ከወጣ በኋላም ስድስተኛው ያው ግማሽ በግማሽ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ልጅ ከተማ ውስጥ አገኘሁት። ትልቅ ሰው ሆኗል። ሰላም ተባብለን ስናወራ ቤቲንግ ቤት እንደሚውል፣ ደመወዙን እዚያ እንደሚጨርስ ነገረኝ። «ሰባት ጊዜ ተበላሁ ቲቸር፣ ስምንተኛው የእኔ ነው፤ ይካካሳል» አለኝ። ያቺን ቃል ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ከእኔ ነው የተማረው ማለቴ አይደለም፤ ቃሉ በየቤቱ አለ። ግን በዚያን ቀን ልጁ ራሱ ጠይቆኝ፣ ማረም ስችል አላረምኩም።

ለዚህ የሚሆን አንድ ታሪክ አለሽ። ጆን ኬሪች የሚባል፣ በደቡብ አፍሪካ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 የሚስቱን ቤተሰቦች ሊጠይቅ ዴንማርክ በሄደበት ጀርመኖች አገሩን ያዙት፤ እሱም ካምፕ ገባ። እዚያ ታስሮ ሳለ ከሌላ እስረኛ ጋር ሆኖ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወረወረ፤ ሁሉንም መዘገበው። አንዱን የሳንቲሙን ገጽ በ100 ውርወራ 44 ጊዜ አገኘው፣ በ1000 ውርወራ 502፣ በ10,000 ውርወራ 5067።

እነዚህን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፊና ልጆቹ ራሳቸው ያስሉ። በ100ው ላይ ከግማሹ በ6 አንሷል። በ10,000ው ላይ በ67 በልጧል። የሚካካስ ቢሆን ልዩነቱ እየጠበበ ወደ ዜሮ በሄደ ነበር፤ እሱ ግን ሰፋ። በመቶኛ ስታዪው ደግሞ ከ6 በመቶ ወደ 0.67 በመቶ ወረደ። ያ ልዩነት በብዛቱ ተዋጠ እንጂ አልተከፈለም። አንድ ማንኪያ ጨው በብርጭቆ ውኃና በእንስራ ውኃ እንደማለት ነው፤ ከእንስራው ጨውን ያወጣው የለም።

በ1000ው ላይ ልዩነቱ 2 ብቻ እንደነበርም አትደብቂያቸው። ከ1000 ወደ 10,000 ሲሄድ በመቶኛም ትንሽ ራቅ ብሏል። በየእርምጃው እየቀረበ የሚሄድ መንገድ አይደለም።

ያው ኬሪች አንድ ወገኑ በእርሳስ የተለበጠ የእንጨት ክብ 1000 ጊዜ ወርውሮ 679 ጊዜ በአንዱ ገጹ አግኝቶታል። «ሁለት ነገር ስለሆነ ግማሽ ነው» ላለው ልጅ ይህን ንገሪው።

ሳንቲሙ እንግዲህ በሁለተኛው ቀን ይምጣ። ባለ አንድ ብሩን ስጫቸው፤ አንበሳና ሚዛን ይበሉት። ውጤቱን በወጣበት ተራ አጽፊያቸው፣ በጭረት ብቻ አይሁን። ሲጨርሱ አራት አንበሳ በተከታታይ የወጣበትን ቦታ ሁሉ ይፈልጉ፤ አምስት ከተከታተለ ሁለት ቦታ ነው። ከ600 ውርወራ ወደ ሠላሳ አምስት ገደማ ቦታ ይገኛል። ከዚያ ቀጥሎ የወጣው ምን እንደሆነ ይቁጠሩ። ተራው የሚዛን ከሆነ ሚዛን በብዛት መውጣት አለበት። ይቁጠሩና ይዩት። እኔ በቃል ነግሬያቸው ያልገባቸው በዚህ ገብቷቸዋል።

ሦስት ክፍለ ጊዜ ይወስድብሻል። ዓመታዊ ዕቅዱ እንደሚያሯሩጥሽ አውቃለሁ፤ ከአማካይ መልመጃዎቹ ላይ ቀንሺ። አማካይ ማስላት የትም ይደርሱበታል።

ቆርኪዎቹን ጎረቤት ካሉት ግሮሰሪዎች ለቅሜ አጥቤያቸዋለሁ፤ ሰባ ናቸው። የታጠፉትን በሌላ ፌስታል ለይቻቸዋለሁ። ቅዳሜ በወንድምሽ እልካቸዋለሁ። የክፍሉን ግራፍ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ